የአያ ይስማው ሰዓት

ትናንት ከቤቴ በታች ያለው ባጃጅ ጠጋኝ የሞተር ዕቃ ፈትቶ በቤንዚን ሲያጥብ ሽታው በመስኮት ገባና ወደ አባቴ ቤት መለሰኝ፤ በንጉሡ ዘመን፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያርፍባት ጠረጴዛ ላይ በሲኒ ቤንዚን የሰዓት ጥርሶች እያጠብኩ ወደምውልበት ቤት።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ሰው የጣላቸውን ሰዓቶች እየፈታሁ፣ እያንዳንዱ ብሎን ከየት እንደ ወጣ በወረቀት እየሣልኩ የለመድኩት ነው። መፍቻዬ በደንጊያ የሞረድኩት የጆንያ መርፌ፣ መያዣዬም ገበሬ እሾህ የሚነቅልበት ወረንጦ ነበር። የቤተ ክህነቱን ትምህርት ትቼ ብረት መነካካቴ ያሳፈረው አባቴ «ቀጥቃጩ» ይለኝ ነበር፤ ሰው ፊት ግን አይለኝም፤ ሰው ፊት ጭራሽ አያነሣኝም።

አባቴና ታናሽ ወንድሙ አያ ይስማው በወጣትነታቸው ከአንድ የዐረብ ሱቅ በአንድ ቀን የገዟቸው፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት የኪስ ሰዓቶች ነበሯቸው። በኋላ በርስት ተካሰሱና አባቴ ረታ፤ አያ ይስማውም ደብረ ማርቆስን ለቆ አማኑኤል ከተማ ገባና እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ አባቴ የወንድሙን ስም በአፉ አልጠራም፤ ሲቸግረው «ያ ሰው» ይል ነበር።

አባቴ ታሞ በተኛበት በጋ ሰዓቱ ከእጁ አምልጦ ደንጊያ ላይ ወደቀና ቆመ። ድምፁን ከትንፋሹ ጋር ለምዶት ስለ ነበር ዝምታው ጨነቀው።

«እስቲ ቀጥቃጩ፣ ሙያ ካለህ ይህን አስነሣው» አለኝ።

ለዓመታት ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። ከፍቼ ሳየው የተሰበረው የሚዛኑ እንዝርት ነበር፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሰዓቱን የሚያስኬደው መንኰራኩር የሚቆምበት፣ ከፀጉር ጥቂት የሚወፍር ብረት። የደብረ ማርቆስን ሱቆች አዳረስኩ፤ ይጁቤ ገበያ ድረስ ሄጄ አሮጌ ሰዓት ያለውን ሁሉ ለመንኩ። የአንዱ ይረዝማል፣ የሌላው ይወፍራል፤ በዓይን እኩል የሚመስለው እንኳ ቦታው ሲገባ ይነክሳል። ልክ የሚሆነው የትኛው እንደ ሆነ ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር።

አማኑኤል ስደርስ አያ ይስማው ደጃፉ ላይ ሞፈር ይጠርባል። የመጣሁበትን ስነግረው መጥረቢያውን አስቀምጦ ሳቀ።

«መሬቴን በዳኛ ወሰደ፤ አሁን ደግሞ ሰዓቴን በልጁ!»

«አይ አያ፣ እሱ መምጣቴን አያውቅም።»

«የእኔስ ምን ሆኖ ነው የቆመው?»

«ባለፈው ዓመት ከፍቼ አይቼው የለ፤ ሞላው ተበጥሶ ነው።»

«የሱ ሞላ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«እንግዲያ የሱን ሞላ አምጥተህ ለእኔ አትገጥምም?»

ይህን ብሎ ስለ አባቴ ሕመም ጠየቀኝ። ከዚያ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሰዓት አመጣ፤ «ሁለት ሬሳ ከምናስቀምጥ አንዱ ይነሣ» ብሎ እጄ ላይ አኖረው።

እንዝርቱን ከነመንኰራኩሩ አውጥቼ ስገጥመው የአባቴ ሰዓት ሄደ። አባቴ ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ከየት አመጣኸው አላለኝም። ብዙ ቆይቶ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ይስማው» አለ።

ያ ሰው ድምፁን ይስማው፣ ወስደህ አሰማው ማለቱ መሰለኝ። እንዲያ ከሆነ ደግሞ እንዳለ ይዤው ልሄድ አልፈለግሁም፤ በቀን አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ከጎረቤት ራዲዮ ጋር በየቀኑ እያመሳከርኩ፣ የፀጉር ያህል እያላላሁ፣ የፀጉር ያህል እያጠበቅሁ አሥራ ሁለት ቀን ሠራሁበት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሰዓቱና ራዲዮው አንድ ሆኑ። በዚያው ቀን አባቴ አረፈ።

አያ ይስማው ለቀብር ደረሰ። ልቅሶው ጋብ ሲል ወደ ጓሮ ወስዶኝ፣ «አንድ ቀን እንኳ ስሜን አላነሣም?» አለኝ።

የአባቴ ቃል የገባኝ ያኔ ነው።

«ጠርቷል፣ አያ።»

«መቼ?»

ነገርኩት። እስከዚያ ምን ስሠራ እንደ ነበርም ነገርኩት። አልተቆጣኝም። የአባቴን ሰዓት ከእጄ ተቀብሎ ጆሮው ላይ አደረገና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ዛሬ ሰው ሰዓት ሠሪ ይለኛል፤ የማይገኝ የሚባለውንም ዕቃ ፈልጌ አገኛለሁ። አባቴ የጠራውን ሰው ለማምጣት ግን ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ በጭነት መኪና ያኔም ቢሆን ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም ነበር።