ሦስት እልልታ

ሦስተኛዋ ሴት ልጄ ደባርቅ ከተማ ስትወለድ የጎረቤት ሴቶች እልልታቸውን ሦስት ላይ አቆሙት። ወንድ ቢሆን ሰባት ነበር። ከዳባት ለጥየቃ የመጣችው እናቴ፣ አራሷ ባለቤቴ እየሰማች፣ «ምን ታደርገዋለህ ልጄ፣ ማኅፀኗ ወንድ አያፈራም» ብላ አጽናናችኝ።

እኔ እኮ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። እናት ለልጇ የምትሰጠው ኤክስ ክሮሞሶም ብቻ እንደሆነ፣ ወንድ የሚያደርገው ዋይ የሚመጣው ከአባት እንደሆነ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ያን ቀን ግን አፍ እንደሌለው ሰው አንገቴን ደፍቼ ገንፎዬን በላሁ። ደግሞ ጣፍጦኝ ነበር! ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እናቴን ማሳፈር ከበደኝ እል ነበር፤ ውሸት ነው። ጥፋቱ የባለቤቴ ሆኖ መቅረቱ ተመችቶኝ ነው።

በሳምንቱ ክፍል ገብቼ፣ «የልጅን ፆታ የሚወስነው የማን ዘር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እዚያው የምትማረው የመጀመሪያ ልጄ እጇን አወጣች። የአያቷን ቃል እሷም ሰምታዋለች።

ተነሥታ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል፣ «የአባት ነው፣ ቲቸር» አለች።

ሌላ ተማሪ ቢሆን «ጎበዝ» እለው ነበር። እሷን ግን፣ እንዳጠፋች ሁሉ፣ «ተቀመጪ!» አልኳት።