ከኤ ማይነር ወደ ሲ

ባለቤቴ ከወልዲያ ሲመለስ ሮቢት አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ጊታሩ መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ለብዙ ሳምንታት ዞር ብዬም አላየሁት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቆቦ በሙቀት ጭር ባለችበት ሰዓት፣ አወረድኩትና አቧራውን ጠረግኩለት።

በሕይወት እያለ ሁለት ኮርድ፣ ማለትም ሁለት የጣት አያያዝ፣ አሳይቶኝ ነበር፤ ኤ ማይነርና ሲ። አንዱን ለብቻው መያዝ አላቃተኝም። ያቃተኝ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ነው። እጄን አነሳለሁ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ ቦታ እየፈለግኩ አስቀምጣለሁ፣ እስከዚያ ዜማው ይሞታል።

የባለቤቴ እናት ለሐዘኑ መጥተው እኔው ጋ ቀርተው ነበር። ድምፁ እንዳይወጣ ክሮቹ ሥር ጨርቅ ወትፌ ብለማመድም፣ ሳሎን ሆነው ይሰሙኛል። አንድ ቀን በሩን ገፋ አድርገው፣

«ልጄ፣ እሱ እንዲህ እያቆራረጠ አልነበረም የሚመታው» አሉኝ።

«ገና እየተማርኩ ነው፣ እማማ።»

«ጥቁር ለብሰሽ?»

ጎረቤቱም ማማት ጀምሯል። ግን ከትምህርት ቤት ስመለስ እጄን የማሳርፍበት ሌላ ነገር አጣሁ።

አብሮኝ የሚያስተምር፣ ጊታር የሚችል መምህር ነበር። በእረፍት ሰዓት አያያዜን አሳየሁት።

«ስህተትሽ ሁሉንም ጣት ማንሳትሽ ነው» አለኝ። «የሌባ ጣትሽና የመሃል ጣትሽ በሁለቱም ኮርድ ቦታቸው አንድ ነው። ከክሩ አታንሻቸው። የሚሄደው የቀለበት ጣትሽ ብቻ ነው። ሳትመቺ፣ በቀስታ፣ እሱን ብቻ አመላልሽው።»

እቤት ገብቼ እንዳለኝ ሞከርኩ። ሁለቱ ጣቶች ረጉ። ሦስተኛው ግን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቀለበቴ ከጊታሩ አንገት ጋር ይጋጫል። አውልቄ ትራሱ ላይ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልደናቀፍ ተሻገርኩ። ደጋገምኩት። ደስ ስላለኝ ጨርቁንም አወጣሁትና በደንብ መታሁ። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

እማማ ጊታሩን አላዩም። ያዩት ትራሱን ነው።

«ቀለበቱንም አወለቅሽው?»

«ለጣቴ ብዬ ነው፣ እማማ። ያስቸግረኛል።»

«አዎ፣ ያስቸግራል» አሉ ቀስ ብለው።

በማግስቱ ጓዛቸውን ሸክፈው ጎብዬ ያለችው ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሸኘኋቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡና ስለ ማሽላው ብቻ አወራን። ስለ ቀለበቱ ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር፤ ባጃጁ ቆመ።

ለሙት ዓመቱ ከዘመድ ጋር መጡ። እንደ ማንኛውም እንግዳ ሳሙኝ። ሰዉ ሲሳሳ መኝታ ቤት ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ጊታሩን ልውሰደው» አሉኝ። «እጁ ያረፈበት ሌላ ነገር የለኝም።»

እኔም አልነበረኝም። ያን ጊዜ አራት ኮርድ እያቀያየርኩ፣ እሱ የሚወዳትን ዘፈን እስከ አጋማሽዋ አደርስ ነበር። ከግድግዳው አውርጄ ሰጠኋቸው። በነጠላቸው ጠቅልለው፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጭናቸው ላይ አጋድመውት ሄዱ።

ለተወሰነ ጊዜ ተማሪዎች ስፈትን የቀለበት ጣቴ ጠረጴዛው ሥር ለብቻው ይመላለስ ነበር። በጣቶቼ ጫፍ ላይ የጠነከረው ቆዳ እየተላጠ አለቀ። መምህሩ ሌላ ጊታር እንድገዛ ነገረኝ። እሺ አልኩት፤ አልገዛሁም።