ጋሼ ታደሰ ያላዩት ውድድር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሸማ ተራ ካለው ሱቃችን ገብቶ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ጠየቀኝ። ለጋቢ መስሎኝ ሳወርድለት፣ "ለፈረስ ነው እትዬ፤ ከኮርቻ ሥር የሚነጠፍ" አለኝ። እሑድ ውድድር እንዳለው፣ ፈረሱም አዲስ እንደሆነ እየሣቀ ነገረኝ። "ማን አብሮህ ይሄዳል?" አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ለምን እንደጠየቅሁት ለእኔም የገባኝ እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ጋቢና ነጠላ በጅምላ ይነግድ ነበር። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሱቁ ዕቃ የሚያመላልሱለት ጋሼ ታደሰ የሚባሉ ባለጋሪ ነበሩ። አማኑኤል ከሚገኘው ግቢያችን ጀርባ፣ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። ፈረሳቸው ከክፍላቸው አጠገብ በቆርቆሮ በተከለለ ጥግ ያድራል። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። ጋሪ አስፋልት ላይ እንዳይወጣ ሲከለከል ጋሼ ታደሰ ሥራ ፈቱ። አባቴ ፈረሱን ከእሳቸው ገዛና እሳቸውን የሱቁ ዘበኛ አደረጋቸው። ፈረሱን የገዛው ስለ እኔ ብሎ ነው። እኔ ያን ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ዳር ያለ የፈረስ ክለብ እየሄድኩ፣ ጋጣ እየጠረግሁ ግልቢያ እማር ነበርና ፈረስ ግዛልኝ እያልኩ እንቅልፍ ነስቼው ነበር።

እዚያ የምንማረው ድሬሳዥ የሚባለውን ነው። ፈረሱ አይሽቀዳደምም፣ መሰናክልም አይዘልም። በተከለለ ሜዳ ውስጥ ይራመዳል፣ ሶምሶማ ይሮጣል፣ ክብ ይዞራል፣ ቁም ሲባል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዳኞቹ የሚያዩት ፈረሱና ጋላቢው ምን ያህል እንደሚግባቡ ነው። ቦራን መጀመሪያ ስወስደው የክለቡ ልጆች ሣቁ፤ አጥንቱ የሚቆጠር የጋሪ ፈረስ ነበር። አሰልጣኛችን ግን አካሄዱን ልብ ብላ አይታ፣ "ይሄ ፈረስ ይሰማል" አለችኝ።

የሚሰማውስ ጋሼ ታደሰን ነበር። በክረምቱ ሁሉ ግቢያችን ውስጥ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር፣ አብረን እናሠለጥነው ነበር። መቆም ያስተማሩት ግን እሳቸው ናቸው፣ ከእኔ በፊት፣ መርካቶ መሐል። መኪና እያንባረቀ፣ ወዛደሩ "ዞር በል! ዞር በል!" እያለ በጎኑ ሲያልፍ፣ ጭነት እስኪራገፍ ጆሮውን እንኳ ሳያነቃንቅ ይቆማል። "ጌታዬ፣ እንግዲህ እንቁም" ይሉታል፤ ይቆማል።

አንድ ቅዳሜ ክለቡ ድረስ አብረውኝ መጡ። ያ ጆንያ ጆንያ የሚሸት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ጌታዬ! ጌታዬ!" ሲሉ ሁለት ሴት ልጆች ተያይተው ተሣሣቁ። የሣቁት በእሳቸው ነው፤ እኔ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እንኳን እሳቸው ተጨምረው፣ እኔም ራሴ የመርካቶ ልጅ መሆኔን ለመደበቅ አነጋገሬን የምጠብቅ ነበርኩ።

እናም ውድድሩ ሲደርስ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት መሆኑን እያወቅሁ፣ "ጋሼ፣ በሰባት ሰዓት ነው። እዚያው ይምጡ" አልኳቸው።

"እሺ ሰሚርዬ" አሉኝ። "ካፖርቴን አጥባለሁ።"

እሑድ ማለዳ እሳቸው የሱቅ ጥበቃ ላይ ሳሉ ቦራን ላወጣው ተነሣሁ። አባቴ አይሱዙ አዘጋጅቶልኛል፤ ፈረሱ ግን መኪና ላይ አልወጣም አለ። ሳብነው፣ ገፋነው፣ አባበልነው። አራት እግሩን ተክሎ ቀረ።

"ታደሰን ጥሪው እንጂ!" አለ አባቴ።

"ሱቁን ጥዬ አልመጣም ብለዋል" አልኩ።

በእግሬ ልሄድ ወሰንኩ። ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል፤ ከዳቦ ቤቶቹ ትኩስ ሽታ ይወጣል። አውቶቡስ ተራን አልፌ ወደ ኮልፌ ስወጣ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር፤ ከአጥሮቹ ሥር አደይ አበባ ፈክቷል። እንዲያ ያለ ጥርት ያለ ጠዋት ነበር። ያን መንገድ ግን ደስ ብሎኝ አልሄድኩትም። ቦራ በየጥጉ እየቆመ ወደ ኋላ ይመለከት ነበር።

ተራችን ደርሶ ሜዳው ውስጥ ስንገባ ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ቦራ ጩኸት እንጂ ጸጥታ አልለመደም፤ ከሥሬ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሶምሶማው ተዛነፈ፣ ክቡም እንቁላል መሰለ። በመጨረሻ ዳኞቹ ፊት ደርሰን የምንቆምበት ቦታ ላይ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ጌታዬ፣ እንግዲህ እንቁም" አልኩት። ቆመ። እንደ ሐውልት ቆመ። አጎንብሼ እጅ ስነሣ፣ ቀና ስል፣ ዝንብ ዓይኑ ላይ ስታርፍ እንኳ አልተነቃነቀም።

ከስምንት ተወዳዳሪ አምስተኛ ወጣን። ለጋሪ ፈረስ ትልቅ ነገር ነበር። አሰልጣኛችን አቅፋኝ፣ "እንዲህ መቆም ማነው ያስተማረው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሼ ታደሰ በበሩ ገቡ። ቀድመው ለመድረስ ብለው ነው። ካፖርቱ ታጥቧል፤ ጠረኑ ሳይቀር ጠፍቷል። በእጃቸው ለቦራ ግንባር የሚሆን ቀይ የሱፍ ክር ጎንጉነው ይዘዋል። ሰዉ ኮርቻውን እየጫነ ሲሄድ አይተው፣ "ገና አልተጀመረም አይደል?" አሉ።

አሰልጣኛችን ቀደመችኝ። "ኧረ አባባ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነበር። አልተነገርዎትም?"

ጋሼ ታደሰ አዩኝ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው፣ "ነግራኛለች፣ ነግራኛለች" አሉ። "የእኔ ጆሮ ነው። ሦስት ስትለኝ ሰባት ብዬ ሰማሁ።"

ቦራን ይዘን በእግር ተመለስን። እሳቸው ልጓሙን ይዘዋል፤ እኔ በጎን እሄዳለሁ። ኮልፌን ስናልፍ ቀዩን ክር ቦራ ግንባር ላይ አሰሩለት።

"ቆመ?" አሉኝ።

"ቆመ።"

"እንዴት አድርጎ? ንገሪኝ እስቲ።"

ነገርኳቸው። ሜዳውን፣ ዳኞቹን፣ ዝንቧን። እየሣቁ ያስደግሙኛል። አውቶቡስ ተራ አጠገብ ስንደርስ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ሰዓቱን እኮ ሆን ብዬ ነው…"

"አውቃለሁ" አሉ፣ ቦራን እያዩ። "አንቺም ልጅ ነሽ።" ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ፣ "ብቻ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር" አሉ።

ለሚቀጥለው ውድድር ራሴ ክፍላቸው ሄጄ ወሰድኳቸው። ለአሰልጣኛችንም ከሁሉ በፊት፣ "ቦራን መቆም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው" አልኳት። ቦራ ግን አጥሩ ጥግ ቆመው ሲያያቸው መስመሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ እሳቸው ሄደ። መጨረሻ ወጣን። ጋሼ ታደሰ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሣቁ፤ እኔም ኮርቻው ላይ ሆኜ ሣቅሁ። ማን እንደሚያየኝ አላሰብኩም።

ሁለቱም ካለፉ ብዙ ዓመት ሆነ። ያን ሁለተኛውን ቀን ሳስብ ደስ ይለኛል፤ የበደልኩትን የካስኩበት ይመስለኝና። ግን አይደለም። ቦራ እንደዚያ ባማረ ሁኔታ የቆመው አንድ ጊዜ ነው፤ ያን ያየው ሌላ ሰው ነው። ይቅርታ ተደርጎልኛል፤ ያቺን ጠዋት ግን ለእሳቸው ልመልስላቸው የምችልበት መንገድ የለም። በዚህ ዕድሜዬ የሚከብደኝ ይኼ ነው።