በሩዝ መጋዘኑ የተነበበው የሥራ ልምዳችን

ያን ቀን በሩዝ ገበሬዎች ማኅበር መጋዘን የነበርነውን በተቀመጥንበት ቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ስም አልጠራም። ወረታ ትንሽ ከተማ ናት፤ ስም ባልጠራም የሚያውቀን ያውቀናል።

ከበሩ አጠገብ ሥራ አስኪያጃችን ነበሩ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ቀድሞ በባንክ ብድር ክፍል የሠሩ ሴት። ከእርሳቸው ቀጥሎ የግብርና ባለሙያችን፤ የጎጃም ሰው ነው፣ ቀድሞ በዘር ማባዣ የሠራ። ከእሱ ቀጥሎ መምህሩ። አሁን አያስተምርም፤ ሥራው የድርጅታችን ገንዘብ የገባበት ቦታ ሰውንም መሬትንም እንዳይጎዳ መከታተል ነው፤ እኛ ግን ዛሬም መምህሩ እንለዋለን። አራተኛው ወንበር ለእኔ የመጣ ነበር፤ ሹፌራችን ወገቡን ስለሚያመው ለእሱ ለቀቅሁለት። ወንበሮቹ ከወረታ በባጃጅ የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው። እኔ ከማዶ፣ ከአገሬ ሰዎች ጋር፣ በሩዝ ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ።

ከማዶ በኩል መካከል ላይ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበሩ፤ የአባቴ የማሳ ጎረቤት። በግራቸው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከርብ ወንዝ ዳር ያለውን ማሳዋን ራሷ የምታሳርስ ሴት። ከኋላቸው አንድ ሽማግሌ የከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ከይፋግ ለሌላ ጉዳይ መጥተው ዝናብ ሲይዛቸው መጋዘኑ ውስጥ የገቡ። የቀሩት አባላት ግድግዳውን ተደግፈው ነበር። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉም ያውቁኛል። ነገሩም የተበላሸው በዚሁ ነው።

የመጣነው ለሩዝ መፈልፈያ ነው። ድርጅታችን ከብዙ ሰዎች ገንዘብ ሰብስቦ ለኅብረተሰቡ ይጠቅማል ባለው ሥራ ላይ ብቻ የሚያውል ነው። ትርፍ ይፈልጋል፤ ነገር ግን አረቄ፣ ሲጋራና ጫት የሚነካ ሥራ ውስጥ አይገባም፤ ሠራተኛ የሚበድል ወይም ወንዝ የሚያቆሽሽ ሥራ ውስጥም አይገባም። ወረታ ያሉት መፈልፈያዎች አርጅተዋል። ሩዙን ይሰብሩታል፤ የተሰበረ ሩዝ ደግሞ ነጋዴው ፊቱን አዙሮ ነው የሚገዛው። ማኅበሩና ድርጅቱ አዲስ መፈልፈያ በጋራ እንዲተክሉ ሐሳቡን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከአንዱ ቤት ወደ አንዱ ቤት እየዞርሁ ሽማግሌዎቹን ያስረዳሁት፣ የቦታውን ካስማ ከሊቀ መንበሩ ጋር የተከልሁትም እኔ ነኝ። ክረምቱ ሳይገባ ማኅበሩ እሺ ካላለ ገንዘቡ ወደ ሌላ አገር ይዞራል ተብለናል። ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀርቶ ነበር።

አሁን ስለ መጽሔቱ። ዋናው መሥሪያ ቤት የሠራተኞቹን የሥራ ልምድ ከነፎቶግራፋቸው በአንዲት ትንሽ መጽሔት አሳትሞ ነበር። ከአንድ ማኅበር ጋር መጀመሪያ በምንገናኝበት ቀን ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ደንብ አለ። ደንቡ ክፉ አይደለም። «ከማን ጋር እንደምትሠሩ ማወቅ መብታችሁ ነው» ይላል። በእኔ ገጽ ላይ የተጻፈው ግን ይህ ነበር፦ «በግብርና ምርቶች እሴት ሰንሰለት የካበተ ልምድ ያለው ባለሙያ።»

እኔ ትምህርቴን አልጨረስሁም። የውኃ መሳቢያ ሞተርና መፈልፈያ መጠገን የተማርሁት ራሴ ነው፤ እየፈታሁ፣ እየገጠምሁ፣ ያልገባኝን በስልክ እየፈለግሁ። ሒሳብ አያያዝም እንዲሁ። ቅጹ ሲላክልኝ የሞላሁት «ሞተር ጠጋኝ፤ ራሱን ያስተማረ» ብዬ ነው። ታትሞ ሲመጣ ሌላ ሰው ሆኜ መጣሁ። ፎቶግራፉ ላይ የለበስሁት ኮትም የመምህሩ ነው፤ ያለ ኮት አይሆንም ስለተባለ።

ያን ቀን ጠዋት መኪናው ውስጥ ነገሩን አነሣሁት።

«የእኔን ገጽ አያንብቡት፤ ልክ አይደለም» አልኋቸው ሥራ አስኪያጇን።

«ትሕትና አበዛህ» አሉኝ።

«ትሕትና አይደለም። ያልሆንሁት ነው የተጻፈው።»

«የእኔንስ እኔ የጻፍሁት መሰለህ? ሁሉንም ያስተካከሉት እነሱ ናቸው። አንዱን ዘልዬ ሌላውን ባነብ ምን ይባላል?»

የግብርና ባለሙያው ከኋላ ሆኖ ሳቀ። «ተወው እንጂ ወንድሜ! እኔን 'አንጋፋ ተመራማሪ' ብለውኛል። ዘር ማባዣው ውስጥ ከረጢት ስንሰፋ ነው የኖርነው።»

ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከጭቃው ሳያነሣ፣ «የእኔ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ። መጽሔቱ ውስጥ የሹፌሩ ገጽ አልነበረም።

መጋዘኑ ውስጥ ንባቡ ተጀመረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሥራ አስኪያጇ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። የራሳቸውን አነበቡ፤ ሰዉ በአክብሮት ሰማ። የግብርና ባለሙያውን አነበቡ፤ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። የመምህሩን አነበቡ። ከዚያ የእኔን። እኔ አንገቴን ደፍቼ የተቀመጥሁበትን ጆንያ ስፌት እያየሁ ነበር።

«የካበተ ምን አሉ?» አለች ገንዘብ ያዧ።

«ልምድ» አላት አጠገቧ ያለው።

«ወዴት ሄዶ ነው ያካበተው? ከዓይናችን ርቆ ያውቃል እንዴ?»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። መጽሔቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እሷ ዘንድ ደረሰ፤ ፎቶግራፉን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። «ኮቱስ የማን ነው? እጅጌው ጣቱን ውጦታል!»

እኔም ሳቅሁ። ምን አደርጋለሁ። ሥራ አስኪያጇም ፈገግ አሉ፤ ነገሩ በጨዋታ የሚያልፍ መስሏቸው ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ተናገሩ።

«ይኼ ልጅ የእኛ ነው። ሞተር ይጠግናል፤ ደኅና አድርጎ ይጠግናል። ይኼን ብትሉን ምን ይጎድልባችሁ ነበር? አሁን የምናውቀውን እንዲህ አድርጋችሁ ካነበባችሁልን፣ የማናውቃችሁን እናንተን እንዴት አድርገን እንመን?»

«አባቴ፣ ይሄ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጇ። «የሁላችንም ማስረጃ አለ። ዲግሪው፣ የሥራ ልምዱ፣ ሁሉም በማኅተም።»

«ማኅተሙን አላማሁም። ግን በእኛ አገር ሰው ስለ ራሱ አይናገርም። የሰው መሬት በእኩል ሊያርስ፣ ምርቱን ሊካፈል የመጣ ሰው እንኳ 'ጎበዝ ገበሬ ነኝ' ብሎ አይገባም፤ የሚያውቀውን ሰው ይዞ ይመጣል። ያ ሰው ይናገርለታል። በኋላ ሰነፍ ሆኖ ቢገኝ የተናገረለትን ሰው እንወቅሳለን። ይኼን ወረቀት ማንን እንወቅስበታለን?»

ይህን ልማድ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አባቴ ለስንት ሰው እንዲህ ቆሞ ተናግሯል፤ ለስንቱም ተወቅሷል። ቢሮ ውስጥ ግን አንድም ቀን አልተናገርሁትም፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ መጽሔቱም ሲታተም አላማከሩኝም። ይህ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል።

ሊቀ መንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ አብረሃቸው ትውላለህ። ታውቃቸዋለህ?»

ተነሣሁ። «አውቃቸዋለሁ።»

«እንግዲያው ንገረን።»

ሥራ አስኪያጇ በዓይናቸው በርታ አሉኝ። ያየሁትን ተናገርሁ። እርሳቸው ከሁላችንም ቀድመው ቢሮ እንደሚገቡ፣ ያልገባቸውን ነገር ገብቶኛል ብለው እንደማያልፉ ተናገርሁ። የግብርና ባለሙያው ሱሪውን ሰብስቦ ማሳ ውስጥ የሚገባ እንጂ ከዳር ሆኖ የሚያዝ አለመሆኑን ተናገርሁ። መምህሩ ደግሞ አንድ ባለሀብት የሠራተኞቹን ደመወዝ እንደሚያዘገይ ደርሶበት ውሉን እንዳስቀረ፣ ይህንም በዓይኔ እንዳየሁ ተናገርሁ። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። መንገዱ የተገኘ መሰለኝ።

«እሺ፤ በባንኩ ሳሉስ ደኅና ሠራተኛ ነበሩ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«ባንኩን አላየሁም» አልሁ።

«ዘር ቤቱንስ?»

«አላየሁም።»

«ያስተማረበትንስ?»

«የነገረኝን ሰምቻለሁ። አላየሁም።»

ምን ልበል? «አዎ» ብል ያልቅ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ሥራ አስኪያጇ በኋላ ይህን ደጋግመው ነግረውኛል። ግን ሊቀ መንበሩ የጠየቁኝ በምስክር ወግ ነው፤ በዚያ ወግ ያላየኸውን አየሁ ካልህ አንተ ብቻ አይደለህም የምትረክሰው፤ አባትህም ይጠራበታል። ስለዚህ ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም አልሁ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እመልሳለሁ፤ ደግሞም ዛሬም ያንገበግበኛል። ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ መካከል ከኋላ የተቀመጡት የይፋጉ ነጋዴ በድንገት በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

«ያንን ወገቡን የያዘውን አውቀዋለሁ! አንተ! አይሱዙ አልነበረህም? ሰማያዊ?»

ሹፌሩ ደንግጦ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ነበረኝ፤ የሰው ነው።»

«ከብቶቼን ጭኖልኝ ያውቃል። መንገድ ላይ አንዲቷ ላም ወደቀች፤ መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ትከሻውን ሰጥቶ አቆማት። ሌላ ሹፌር ቢሆን የቀሩት ከብቶች ረጋግጠው ይጨርሷት ነበር። ወገቡንም ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም የታመመው!»

«ያን ጊዜ ነው፤ እርስዎም ዞር ብለው አልጠየቁኝም» አለ ሹፌሩ። ሰዉ እንደገና ሳቀ።

«እንግዲያው ምስክር የተገኘለት ሹፌሩ ብቻ ነው» አለች ገንዘብ ያዧ። «መፈልፈያውን ከእሱ ጋር እንትከል!»

ሳቁ ሲበርድ ሊቀ መንበሩ ውሳኔውን ተናገሩ። ለእያንዳንዳችን ቀድሞ የሠራንበትን ቦታ የሚያውቅ አንድ ሰው ይምጣ፤ በአፉ ይናገር፤ ከዚያ በኋላ እንፈርማለን። ክረምቱ ቢገባም ይግባ፤ አዝመራው ተሰብስቦ እንነጋገራለን አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። እንዲያውም ስንወጣ ሥራ አስኪያጇን በጃንጥላ እስከ መኪናው ሸኟቸው።

መኪናው ውስጥ ሥራ አስኪያጇ፣ «ከባንክ የማውቀውን ሰው ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ አመጣለሁ? በየትኛው አበል?» አሉ።

«በስልክስ?» አልኋቸው። «ድምፁን ቢሰሙ እንኳ...»

«ዋናው መሥሪያ ቤት ይስቅብናል።»

«የእኔ አለቃ የነበረው ቢመጣ ሰክሮ ነው የሚመጣው» አለ የግብርና ባለሙያው፤ ግን የጠዋቱ ሳቅ አልነበረበትም።

መምህሩ ያን ጊዜ ነው አፉን የከፈተው። «እኔ ሰው አለኝ። ደብረ ታቦር ያስተማርኋቸው ልጆች አሉ። ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ ዛሬ ይዤ እመጣ ነበር።» ቀድሞ ቢነገረኝ ሲል ወደ እኔ ነው ያየው።

ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍን። መልሱ ጨዋ ነበር። ድርጅቱ የሠራተኞቹን ማንነት በቃል ምስክር የሚያረጋግጥበት አሠራር የለውም፤ ማኅበሩ በተሰጠው ጊዜ ባለመወሰኑ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ ዞሯል ይላል። የእኔ ገጽ እንዲታረምም በድጋሚ ጻፍሁ፤ «ሞተር ጠጋኝ፤ ራሱን ያስተማረ» አልሁ። በአዲሱ እትም «በሜካናይዜሽን ዘርፍ የካበተ ልምድ ያለው» ሆኜ ወጣሁ። ኮቱ ያው ነው።

ክረምቱ ገባ። የርብ ውኃ ሜዳው ላይ ወጣ፤ ከሊቀ መንበሩ ጋር የተከልናቸውን የመፈልፈያውን ቦታ ካስማዎች ነቅሎ ወሰዳቸው። አዝመራው ሲሰበሰብ ሊቀ መንበሩ በገበያ ቀን አገኙኝና፣ «ሰዎቹን አመጣችሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሲጠብቁን ነበር። ገንዘቡ ዞሯል አልኋቸው። «ሰው መጥራት ይኼን ያህል ከባድ ነው?» አሉ። ገንዘብ ያዧ ከኋላቸው ሩዟን በአህያ ጭና ወደ አሮጌው መፈልፈያ ትነዳ ነበር። ያን መፈልፈያ የምጠግነው እኔ ነኝ፤ ሩዙን እንደሚሰብረውም አውቃለሁ።

ይህን ስጽፍ እንደገና ያበሽቀኛል፤ ስለ ራሴና ስለ ባልደረቦቼ አሁንም እየተናገርሁ ያለሁት ብቻዬን ነኝና። በሊቀ መንበሩ ሚዛን ይህ ጽሑፍ ከመጽሔቱ አይሻልም። ስለዚህ ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፣ ያያችሁትን ጨምሩበት። ግድግዳውን ተደግፋችሁ የነበራችሁ አባላት፣ ሥራ አስኪያጇ ሲያነቡ ፊታቸው ላይ ምን አያችሁ? እኔ ጆንያ እያየሁ ስለነበር አላየሁም። ሊቀ መንበሩ ውሳኔውን ከመናገራቸው በፊት ወደ ገንዘብ ያዧ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር አሏት፤ የሰማ ካለ ይንገረኝ። የይፋጉ አባት፣ ላሚቱ በመጨረሻ ምን ሆነች? ስለ እኔም፣ ሞተራችሁን የጠገንሁላችሁ ሰዎች፣ ደኅናውንም ሁለት ቀን ሠርቶ የቆመውንም ተናገሩ። እኔ አላርመውም።