በባቢሌው ሰርግ ያየሁት የብር ሐብል

ዛሬ ባቢሌ፣ የድሮ ጓደኛዬ ልጅ ሰርግ ላይ፣ ሙሽራዋ አንገት ላይ ያለውን የብር ሐብል ሳይ ምግቡን ትቼ ጠጋ ብዬ አየሁት።

አንዱ ጫፍ ተበጥሶ በመዳብ ሽቦ ታስሯል።

ሐብሉን ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። ምልክቱን ግን ከዓመታት በፊት ኤዶ ሐዎ (ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው) እያለቀሱ ነግረውኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ እኔና ይሄ ጓደኛዬ ወታደሮች ነበርን። ቀብሪበያ ዳር፣ የጋራ ግጦሽ ላይ፣ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ፈንጂ እናጸዳ ነበር።

ሰው እንዳይቀየመን ደንብ ነበረን። አስፈቅደን እንገባለን፤ ያገኘነውን ሁሉ ለአገሬው እናሳያለን፤ ከብት እግሩን እንዳይሰብር ጉድጓዱን እንደፍናለን።

ሽማግሌዎቹ ሻይ ሲጠሩን መቅረት ነውር ነው። እሱ ሁሌ "አንተ ሂድና አጫውታቸው፣ መሣሪያውን እኔ እጠብቃለሁ" ይለኛል። እኔ ደግሞ ትጉህ መስሎኝ!

ከካምፓችን አጠገብ የሚኖሩት ኤዶ ሐዎ ጦርነቱን ሲሸሹ የሰርግ ሐብላቸውን እዚያው ሜዳ ቀብረው ነበር። ተመልሰው ቢቆፍሩ የለም።

"ልጄ፣ ጓደኛህ ይሆን እንዴ?" አሉኝ።

"እናቴ ትሙት፣ እሱ አያደርገውም!" ብዬ ማልኩላቸው።

ዛሬ ሙሽራዋን "ሐብሉ ከየት ነው?" አልኳት። አባቷ፣ ያው ጓደኛዬ፣ ቀደማት።

"የእናቴ ውርስ ነው" አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

እናንተስ፣ ምላችሁለት የከዳችሁ ሰው አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።

ኤዶ ሐዎ እኔን አምነው፣ እስኪሞቱ ድረስ የጠረጠሩት የገዛ ጎረቤታቸውን ነበር።