«አመለጠኝ» ያለው በረኛ

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር አለኝ። ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ፣ ከወንድሜ ጋር ተኳርፌ መክረሜን ተናዝዣለሁ፣ በወጣትነቴ የሠራሁትን የሚያሳፍር ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ተናግሬያለሁ። ይቺን ግን በየዓመቱ ስዘላት ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። ሚስቴም ሳትሰማት ነው ያረፈችው። አሁን የማወራው ድንገት ደፋር ስለሆንኩ አይምሰልዎ። የፊታችን እሑድ አንዲት ሴት ልጅ ቤቴ መጥታ አንድ ወረቀት ትቀበለኛለች፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ወይ እንደገና እዋሻለሁ፣ ወይ እውነቱን እጽፋለሁ። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

በጅቡቲ ከተማ «የሐዲድ ልጆች» የሚባል የእግር ኳስ ክለብ ነበረን። አባቶቻችን በባቡሩ ዘመን መጥተው እዚሁ የቀሩ መካኒኮች፣ ልብስ ሰፊዎችና ባለሱቆች ነበሩ፤ እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ጠዋት ሥራ ገብተን፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ኳስ የምንጫወት ነን። ክለቡ የምግብና የትራንስፖርት ይሰጠን ነበር፤ ከዚያ በላይ ማንም አልጠበቀም። የግራ ክንፋችን አፋር፣ አምበላችን ሶማሌ ነበር፤ ሁለቱም በአማርኛ ሲሳደቡ ከእኛ ይሻሉ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሜዳው ዳር ተሰልፈው ያዩናል። ያ ክለብ ለሠፈራችን ለካርቲየ 1 ሰዎች ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት አልችልም። በሰው አገር በስማችን የሚጠራ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ሜዳችን ድሮ የባቡር ፉርጎ ማቆሚያ ነበር። ሣር የሚባል አያውቅም፤ አቧራና ጠጠር ነው። በባሕሩ በኩል ካለው ጎል ፊት ለፊት፣ በረኛው ከሚቆምበት አራት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ከሐዲዱ ሥር የሚጋደመው ዓይነት ብረት ተቀብሮ ቀርቷል። ለማውጣት ብዙ ተሞክሮ አልሆነም። በበጋ ያ የእሳት ወላፈን የሚመስለው ነፋስ አሸዋውን ሲጠርገው የብረቱ ጫፍ ጣት ያህል ብቅ ይላል። ለማያውቀው ሰው ከሩቅ አይታይም። ኳስ ካረፈበት ግን እንደ ፌንጣ ይዘላል። ስለዚህ በክለባችን አንድ ልማድ ነበር፤ አሮጌው በረኛ ለአዲሱ ጓንቱን ሲያስረክብ እጁን ይዞ ወደዚያ ጎል ይወስደውና ብረቱን በተረከዙ ያስረግጠዋል። «ማስረገጥ» ይባላል። ብረቱን ያልረገጠ በረኛ ጎሉን ተረክቧል አይባልም። እኔንም ከእኔ በፊት የነበረው አስረግጦኛል።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት በረኛ ነበርኩ። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ በፈረንሳይኛ ስለተማርኩ የክለቡም ጸሐፊ እኔው ነኝ፤ ደብዳቤ የምጽፈው እኔ፣ ቢሮ ለቢሮ የምዞረው እኔ፣ ሰው የሚለውን የማስተረጉመው እኔ። ያለ እኔ ክለቡ የሚቆም አይመስለኝም ነበር። ትዕቢተኛ ነበርኩ፣ ዛሬም አልተውኩት ይሆናል።

ከዚያ ተፈራ መጣ። ከድሬዳዋ የሚመላለስ የከባድ መኪና ረዳት ነበር። መኪናቸው ወደቡ አጠገብ ተበላሽቶ መለዋወጫ ሲጠብቅ ሁለት ወር ቆየ፤ አመሻሽ ላይ መጥቶ ከጎል ጀርባ ቆሞ ኳስ ያቀብለን ጀመር። አንድ ቀን የክለባችን ሊቀመንበር ጋሼ ኃይሉ «እስቲ ግባ» አሉት። ገባ። ያን ቀን ምንም ነገር አላለፈውም። እጁ ትልቅ፣ ንግግሩ ትንሽ ነበር። ከአማርኛ በቀር ቋንቋ አያውቅም። ጋሼ ኃይሉ ጓሯቸው ካለች አንዲት ክፍል አኖሩት፤ የመኖሪያ ፈቃዱም በክለቡ ስም ወጣለት። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ወር አሠልጣኙ ጓንቱን እንዳስረክበው ነገረኝ።

አስረከብኩ። እየሳቅኩ አስረከብኩ። ጀርባውን ቸብ አድርጌ «በርታ» አልኩት። ብረቱን ግን አላስረገጥኩትም። ነገ አስረግጠዋለሁ አልኩ፣ በማግስቱም ነገ አልኩ። ረስቼው ነበር ብዬ ልንገርዎ? አልረሳሁም። ልምምድ በመጣን ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ቦታ ነበር። ሌሎቹም አስረግጦታል ብለው ነው እንጂ ማንም አልጠየቀኝም።

ወደ አንደኛው ምድብ ለመግባት አንድ ነጥብ የምትቀረን ቀን ደረሰች። የምንጫወተው በገዛ ሜዳችን ከወደቡ ቡድን ጋር ነበር፤ አቻ ብንወጣ ይበቃናል። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ባዶ ለባዶ ነበርን። ተፈራ በባሕሩ በኩል ባለው ጎል ቆሟል። ከእነሱ አንዱ ከሩቅ አንዲት የማትረባ ኳስ መታ፤ መሬት ለመሬት እየተንከባለለች የምትመጣ፣ ሕፃን የሚይዛት ኳስ። ተፈራ ጎንበስ ብሎ ጠበቃት። ነፋሱ ሰሞኑን ጠርጎ ባወጣው ብረት ላይ አረፈች። ወደ ላይ ስትዘል ጣቱን ነክታ በትከሻው ላይ አልፋ ገባች።

እኔ ከተጠባባቂዎች ጋር ተቀምጬ ነበር። ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ከሰው ሁሉ ቀድሜ አውቄያለሁ። ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። ሌላ ቃል የለውም። ክለቤ ሲሸነፍ፣ ጋሼ ኃይሉ ራሳቸውን ይዘው አቧራው ላይ ቁጭ ሲሉ እያየሁ፣ ደስ አለኝ።

ሰው ምን ይላል? ብረቱን የረገጠ በረኛ በዚያች ኳስ አይታለልም ብሎ «ለቀቀው» አለ። ተፈራ መጀመሪያ ሰሞን ወደቡ አካባቢ ያድር ስለነበር፣ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ሻይ ሲጠጣ አይተነዋል የሚል ተነሣ። ወሬው ከማዕከላዊ ገበያ ወጥቶ ሠፈሩን ሞላ። በመጨረሻ ጉዳዩ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ዘንድ ቀረበ። ተከሳሹና አንድ አስተርጓሚ ብቻ እንዲገቡ ተባለ። አስተርጓሚው ማን ይሆናል? እኔ ነኛ።

ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር፤ እውነቱን ለማወቅ እንደሚፈልግ ያስታውቃል። በፈረንሳይኛ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፤ ኳሷ እንዴት እንዳለፈች በራሱ አንደበት ይንገረን። ለተፈራ ነገርኩት። ተፈራ ትልልቅ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያ አንዲት ቃል ተናገረ።

«አመለጠኝ።»

እርስዎ አማርኛ ያውቃሉና ይህች ቃል ምን እንደምትል ማስረዳት አይገባኝም። ባቡር አመለጠኝ እንላለን፣ ዕቃ ከእጄ አመለጠኝ እንላለን። ያመለጠው ዕቃው ነው፤ ሰውዬው ሊይዝ ፈልጎ ነበር። ንጹሕነቱ በሙሉ በዚያች ቃል ውስጥ ነበረ። በፈረንሳይኛም ልኳ ቃል አለች። «ኤል ማ ኤሻፔ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ሌላይቱም አጠገቧ ነበረች። ሁለቱን አየኋቸው፣ መረጥኩ። «ዤ ሌ ሌሴ ፓሴ» ብሏል አልኩ። ለቀቅኩት፣ እንዲያልፍ ተውኩት ማለት ነው።

ሰብሳቢው ብዕሩን አንሥቶ ተፈራን አየው። እርግጠኛ ነው ወይ ብለህ ጠይቀው አለኝ። ወደ ተፈራ ዞሬ፣ ሌላ የምትለው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ተፈራ ራሱን ነቀነቀ፤ የለም፣ ያው ነው፣ ያልኩት ነው አለ። እርግጠኛ ነኝ ይላል ብዬ ተረጎምኩ። ስለ ብረቱም ትንፍሽ አላልኩም። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ብረቱ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የተወነጀለው ራሱ እንኳ አያውቅም።

ዕድሜ ልኩን እንዳይጫወት ፈረዱበት። የእኛንም ነጥብ ቀነሱ። ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። አላመኑህም አልኩት። ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። «አፍ ሆንከኝ፣ ወንድሜ» አለኝ። «ውለታህን አልረሳም።»

እርሱ ሲወጣ ጓንቱ ለእኔ ተመለሰ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምን ይመስልዎታል? ወደዚያ ጎል ሄጄ ብረቱን በተረከዜ ረገጥኩት፣ እንደ ልማዱ። አምስት ጨዋታ ተጫወትኩ። ሽማግሌዎቹ ግን ከዚያ በኋላ ሜዳ መምጣት ተዉ። ጋሼ ኃይሉ ጓሯቸው ያኖሩት ሰው ክለቡን አዋረደ ተብለው ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ጥጉን ይሄዱ ነበር። አፋሩ ሌላ ቡድን ገባ፣ አምበላችን ኳሱን ተወው። ዓመት ሳይሞላ «የሐዲድ ልጆች» የሚባል ነገር ጠፋ። ሜዳው ዛሬ የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው። ተፈራም ክለብ ሲያጣ የመኖሪያ ፈቃዱ ተሰርዞ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ። እዚያ ጋራዥ ተቀጠረ፣ አገባ፣ ወለደ። ይህን ከተማ ግን ዳግም አልረገጠም፤ ሰዉ ያየኛል ብሎ።

በየዓመቱ ለፋሲካ በሾፌሮች እጅ አንድ ካርቶን ብርቱካን ይልክልኝ ነበር። በካርቶኑ ላይ «አፌ ለሆነው ወንድሜ ለሙሉጌታ» ተብሎ ይጻፋል። ሠላሳ ዓመት። አንድ ጊዜ እንኳ አልመለስኩም፤ ምን ብዬ? ተልጦ ሲሰጠኝ እበላለሁ። ሚስቴ፣ ይህ ሰው ምን ብታደርግለት ነው እንዲህ የሚወድህ ትለኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በእኔና በተፈራ ተረቱ ተገለበጠ፤ ተወጊው ሳያውቅ እያመሰገነ ኖረ፣ ወጊው ግን ብርቱካን በሸተተው ቁጥር ያስታውሳል።

ደግሞ የምተዳደረው በምን መሰልዎ? በትርጉም። ማኅተም አለኝ፤ «ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ወረቀት። በዚህ ከተማ በትክክለኛነቴ የሚያማኝ የለም።

ዘንድሮ ለፋሲካ ብርቱካን አልመጣም። ልጁ መጣች። ሰብለ ትባላለች፤ ዶራሌ ወደብ ባለ አንድ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አባቷ በዐቢይ ጾም እንዳረፈ ነገረችኝ። ለቅሶው ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ አንድ የዚህ ከተማ ሰው ለጎረቤቱ ያ ጨዋታውን የለቀቀው በረኛ እኮ ነው ሲል ጆሮዋ ገባ። እናቷም ሰምታለች።

እዚህ ያለን የኢትዮጵያውያን ማኅበር የክለቡን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው፤ ጻፍ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ የመጨረሻው ጸሐፊ ስለሆንኩ። ይህን ሰምታ ኖሯል። ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ሙሉጌታ» አለችኝ፣ «አባቴ ሁሌ አፌ ሙሉጌታ ነው፣ ያልኩትን እሱ ያውቃል ይል ነበር። ያን ቀን ኮሚቴው ፊት ምን ነበር ያለው? የሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። እሷን ቃል መጽሐፉ ላይ ይጻፉልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ረሳሁት አልኳት። ይህን ደግሞ የሠላሳ ዓመት ወጣት ሆኜ አይደለም ያደረግኩት። ሽበቴን ይዤ፣ የሟች ልጅ ፊቴ ቆማ፣ ረሳሁት አልኩ። እርሷም፣ እሺ ጋሼ፣ እስከ እሑድ ድረስ ያስቡበት፣ ምናልባት ትዝ ይልዎታል ብላ በትሕትና ወጣች። የአባቷ እጅ ነው ያላት። በሩን ስትዘጋው አየሁት።

ለታሪኩ መጽሐፍ ያንን ገጽ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። በመጀመሪያው «በአለመግባባት ምክንያት» ብዬ ነበር። ምን አለመግባባት አለ? ተግባብተናል። በሌላው ላይ ወጣት ነበርኩ፣ ቅናት አሳወረኝ ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔ ደኅና ያይ ነበር፤ ብረቱን ከሩቅ የማይ ሰው እንዴት ታወርኩ እላለሁ? ይቅርታ ልጠይቅ ብልም የምጠይቀው ሰው አመስግኖኝ ሞቷል። ከልጁ ይቅርታ ብለምን ደግሞ እንደ ብርቱካኑ እንደገና የእርሱን ፋንታ መብላት ይሆንብኛል። ስለዚህ አልለምንም። እርስዎንም አልለምንም።

እሑድ ስትመጣ የምሰጣት ይህንኑ ወረቀት ነው፤ ከሥሩ ማኅተሜን መትቼበታለሁ። ለመጽሐፉም ይኸው ይግባ። ሰብለ፣ አባትሽ ያን ቀን ያለው «አመለጠኝ» ነው። እውነቱን ነው፣ ኳሷ አምልጣዋለች። እኔን ግን ቃሉ አላመለጠኝም። ለቀቅኩት።