አሥረኛዋ ተማሪ

ችግረኛ ሲረዳ በአደባባይ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ስብሰባና ግምገማ በየቀበሌው የገባበት ጊዜ ነበር፤ እኔም ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመቴ ስለነበር የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

መንዝ ውስጥ፣ ከዘመሮ ብዙ በማይርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። አዲስ አበባ የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ስም የጽዋ ማኅበር ነበራቸው። እነሱ በዚያ ዓመት፣ ስምንተኛ ክፍል ከሚጨርሱት ውስጥ አሥር ችግረኛ ልጆችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወዳለበት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ልከው ለማስተማር ቃል ገቡ፤ የቤት ኪራይ፣ ደብተር፣ ለኩራዝ የሚሆን ላምባ ሳይቀር። ከአሥር በላይ አንችልም ብለውም ቁርጡን ነገሩን። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቄሰ ገበዙ ሰብሳቢ፣ እኔ ጸሐፊ።

ዝርዝሩን አሳምሬ ጻፍኩ። ከየስሙ ትይዩ «ምክንያት» የሚል ዓምድ አሰመርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጸበል ጸዲቅ ሊቀምስ ደጀ ሰላም ሲሰበሰብ ቆሜ አነበብኩ። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱንም ጭምር። አባቱ የሞተ፣ በሬ የሌላቸው፣ እህላቸው ከጥር የማያልፍ እያልኩ። ሰዉ ጸጥ አለ። ዝምታውን ለንባቤ የተሰጠ አክብሮት አድርጌ ወሰድኩት።

አሥረኛዋ የክፍሌ አንደኛ ነበረች። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ደረጃውን ለማንም ለቃ አታውቅም። የእሷን ምክንያት አንብቤ ሳልጨርስ እናቷ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። ረጅም ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፦

«መምህር፣ የኔን ልጅ ስም ይፋቁልኝ» አሉ። «ባሌ ቢሞት አጥንቴ አልሞተም። ለምኜ አላውቅም፤ ልጄንም የለማኝ ስም አላወርሳትም።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝና የእርዳታንና የልመናን ልዩነት ማስረዳት ጀመርኩ። ቄሰ ገበዙ በመቋሚያቸው እግሬን ጎሸም ሲያደርጉኝ ነው የተቀመጥኩት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ጠላ ቀዱልኝ። ስለ ልጅቷ ጉብዝና ሳወራ ሱፋቸውን እየፈተሉ ደስ ብሏቸው ይሰሙኛል፤ ስለ ማኅበሩ ስጀምር ስለ ውርጩ ያወሩኛል። በሦስተኛው መላ አመጣሁ። አሥረኛው ቦታ እርዳታ መሆኑ ቀርቶ ከስምንተኛ ክፍል አንደኛ ለሚወጣ ተማሪ ሽልማት ይሁን አልኩ። ቄሰ ገበዙ ሳቁ፤ «አንተ ልጅ፣ የመንዝን ሰው አሁን ገና አወቅኸው» አሉኝ። ሽልማቱ በዚያው ደጀ ሰላም፣ ለዚያው ሕዝብ ተነገረ። እናትየውም «ከሠራች ትውሰድ» አሉ።

ሰኔ ገባ። የበልጉ ገብስ ደረሰ፤ ቤቱ ወንድ የለውምና ልጅቷ ከፈተናው በፊት ሁለት ሳምንት አጨዳ ላይ ዋለች። ፈተናዬን አርሜ፣ የሌሎቹን መምህራን ውጤት ሰብስቤ ስደምር፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ በሦስት ማርክ በልጧታል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ጎበዝም ነው። ግን አባቱ እንኳን አንድ፣ አምስት ልጅ መሐል ሜዳ አስቀምጦ ማስተማር አያቅተውም። እሷ ሽልማቱን ካጣች ትምህርቷ እዚያው ያበቃል።

ደጋግሜ ብደምርም ያው ሦስት ሆነብኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ፣ በሒሳብ ወረቀቷ ራስጌ ላይ ሰማንያ አንድ የነበረውን ሰማንያ አምስት አደረግኩት። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ደስም ብሎኝ ነበር።

ካርድ ከመሰጠቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብለን የፈተና ወረቀት እንመልሳለን፤ ቅሬታ ያለው ይምጣ እንላለን። ጎደለብኝ የሚል ሞልቷል። በዛልኝ ብሎ የመጣ ግን አላጋጠመኝም። በማግስቱ ጠዋት፣ እኔ ብቻዬን መሆኔን በበሩ አይታ፣ ልጅቷ ገባችና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ጋሼ፣ ድምሩ ላይ ተሳስተዋል። አራት በዝቷል።»

«ደህና አድርገሽ ደምረሽዋል?»

«ሦስት ጊዜ። ከዚያ ለእማዬ የየጥያቄውን ማርክ እያነበብኩላት በገብስ ፍሬ ቆጠረችው። ሰማንያ አንድ ነው።»

እናትየው ፊደል አልቆጠሩም። ልጅቷ «ለዚህ አምስት፣ ለዚህ ሦስት» ስትል፣ እሳቸው ፍሬውን ሰፌድ ላይ ሲደረድሩ ታየኝ።

«ዝም ካልን አንደኛ እኮ ነሽ» አልኳት። ድምፄን እንደ ሌባ ዝቅ አድርጌ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች።

«እናትሽስ? ምን አሉ?»

«‹መምህር ያን ሁሉ ወረቀት ሲያርሙ ደክሟቸው ነው። ሰው እንዳይሰማ፣ ለብቻቸው ስጪያቸው› አለችኝ።»

ፊቴ ጋለ። እዚያው እያየችኝ ሰማንያ አምስቱን ሰርዤ ሰማንያ አንድ ጻፍኩ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ወጣች።

ሽልማቱን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ ወሰደ። መስከረም ላይ አሥሩን ይዤ ለምዝገባ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ከማኅበሩ የመጡት ሰውዬ ልጆቹን አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፣ «ያቺ በደብዳቤ የጻፍክልን ጎበዝ ልጅ የታለች?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በሦስት ማርክ ተበለጠች አልኳቸው። እውነት ነበር። እውነት ተናግሬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።